ጥንዚዛ ለምን በዛች? ስለ ጥንዚዛዎችና ስለሚመገቧቸው ተክሎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የግብርና ባለሙያዎች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ቡና አምራቾችና የእህል ነጋዴዎች፤ እንደምን አመሻችሁ! ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ውላችሁ ስለ ጥንዚዛ ለመስማት እዚህ ድረስ በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

በቀጥታ ወደ ጥያቄው ልግባ። እስካሁን ሳይንሳዊ ስም ተሰጥቷቸው የተመዘገቡት የጥንዚዛ ዝርያዎች ወደ 400 ሺህ ይጠጋሉ። ከተመዘገቡት የእንስሳት ዝርያዎች ሁሉ ከአራቱ አንዱ ጥንዚዛ ነው ማለት ነው። አጥቢ እንስሳት፣ ከአይጥ እስከ ዝሆን፣ በሙሉ ቢቆጠሩ ሰባት ሺህ አይሞሉም። ለምን? ጥንዚዛ ለምን እንዲህ በዛች?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ተክሉ መርዝ ሲያበጅ ጥንዚዛዋ ማርከሻውን እያበጀች፣ ሁለቱ ጎን ለጎን እየተራመዱ አብረው በዙ። ይህ መልስ ያምራል፤ ግን ለጥንዚዛዎች በአብዛኛው አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1964 (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎቹ ፖል ኤርሊክና ፒተር ሬቨን ስለ ቢራቢሮዎችና ስለ ተክሎቻቸው የጻፉት ጽሑፍ የዚህ ሐሳብ ምንጭ ተደርጎ ይጠቀሳል። ነገር ግን እነሱ ራሳቸው ያሉት ሌላ ነው። ተክሉ አዲስ መርዝ ያገኛል፤ ከበላተኞቹ ያመልጣል፤ በሰላም ይዋለዳል፣ ይለያያል። ከብዙ ዘመን በኋላ አንዲት ነፍሳት መርዙን የምትችልበት መንገድ ታገኛለች፤ ያን ጊዜ በዚያ ሁሉ ዘመዳሞች ተክል ላይ ትበተናለች። ተክሉ ይቀድማል፤ በላተኛዋ ትከተላለች። ይህን ቅደም ተከተል ያዙልኝ፤ ዛሬ የምናገረው ሁሉ በእሱ ላይ የቆመ ነው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ፤ ጊዜውን፣ ኬሚስትሪውንና ከሌላ የተገኘውን መሣሪያ። ከዚያ ወደ ጎተራና ወደ ማሳ እንወርዳለን።

መጀመሪያ ጊዜው። ጥንዚዛ ከአበባ በብዙ ትቀድማለች። ከ290 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የጥንዚዛ ቅሪቶች ተገኝተዋል። የአበባ ተክሎች ቅሪት በጉልህ የሚታየው ግን ከዛሬ 130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። በመሐል ያለውን ዘመን አስቡት! ያን ሁሉ ጊዜ ጥንዚዛዎች በምን ኖሩ? በበሰበሰ እንጨት፣ በሻጋታ፣ እንደ ጽድና ዝግባ ባሉ አበባ የለሽ ዛፎች፣ ደግሞም ሳይካድ በሚባሉት ዘንባባ መሳይ ጥንታዊ ተክሎች ላይ። የፊት ክንፎቿ ጠንክረው ሽፋን ስለሆኑላት ቅርፊት ሥር፣ ስንጥቅ ውስጥ፣ አፈር ውስጥ ስትገባ የኋላ ክንፎቿ አይቀደዱም። በርራ ትመጣለች፣ ሰርስራ ትገባለች። ሁለቱንም በአንድ አካል መቻል ለነፍሳት ቀላል ነገር አይደለም።

በምያንማር በተገኘ፣ ድንጋይ በሆነ የዛፍ ሙጫ ውስጥ 99 ሚሊዮን ዓመት የቆየች አንዲት ጥንዚዛ አለች። አጠገቧ የሳይካድ ብናኝ ዘር አብሮ ተይዟል፤ የመንጋጋዋ ሥርም ብናኝ ለመያዝ የተመቸ ጎድጓዳ ነው። እንግዲህ የአበባ ተክሎች ገና እየተስፋፉ በነበሩበት ዘመን ጥንዚዛ ብናኝ ስታመላልስ ነበር ማለት ነው። ይህን ሥራ የጀመረችው ከንብ ጋር አይደለም።

ታዲያ አበባ ምን ጨመረላት? እ.ኤ.አ. በ1998 ብራያን ፋሬል ተክል በል የሆኑትን ትልቁን የጥንዚዛ ወገን፣ ማለትም ቅጠል በሎችን፣ ረጃጅም ቀንደኞችንና ባለ አፍንጫ ነቀዞችን፣ በዘረመልና በአካል ቅርጽ መረመረ። ይህ ወገን ብቻውን 135 ሺህ ያህል ዝርያዎች አሉት። ያገኘው ውጤት ግልጽ ነበር፤ ከጥንቶቹ መስመሮች ውስጥ በጽድና በሳይካድ ላይ የቀሩት ጥቂት ዝርያ ይዘው ቀሩ፤ ወደ አበባ ተክሎች የተሻገሩት የቅርብ ዘመዶቻቸው ግን በየጊዜውና በየመስመሩ በእጅጉ በዙ። መሻገሩ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ አጋጣሚ ነው ልንል እንችል ነበር። ደጋግሞ መሆኑ ነው ማስረጃው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ ሁለት ሥራዎች ወጡ። አንደኛው ወደ 1,900 የሚጠጉ ዝርያዎችን ይዞ የዛሬዎቹ የጥንዚዛ መስመሮች ብዙዎቹ ከአበባ በፊት እንደነበሩና ሳይጠፉ እንደቆዩ አሳየ። ስለዚህ ብዛቷ በአበባ ብቻ አይገለጽም፤ ጥንዚዛ በቀላሉ የማትጠፋ ጠንካራ ናት። ሁለተኛው ቅጠል በል ጥንዚዛዎችን ለይቶ ዕድሜያቸውን ከ73 እስከ 79 ሚሊዮን ዓመት ገመተ። የአበባ ተክሎች ዋና ዋና ወገኖች ያን ጊዜ ተለያይተው ጨርሰዋል! ቅጠል በሏ የመጣችው የተዘረጋ ገበታ ላይ ነው። እኔ ይህን ማስረጃ አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ በየመማሪያ ክፍሉ ‹‹አብረው ተለወጡ›› ተብሎ በደፈናው የሚነገረውም መታረም አለበት ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ኬሚስትሪው። ተክሎቹ ቀድመው ከተለያዩ፣ ዘግይታ የደረሰችው ጥንዚዛ የትኛው ተክል ላይ እንደምታርፍ የሚወስነው ምንድን ነው? የተክሉ ዘመድነት ነው ወይስ ውስጡ ያለው ነገር?

ለዚህ ወደ ሜክሲኮ ልውሰዳችሁ። ቡርሴራ የሚባሉ ዛፎች አሉ፤ ከኛ የእጣን ዛፍና ከከርቤ ጋር የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ሙጫቸው ይሸታል፣ ያጣብቃል። በአንዳንዶቹ ቅጠሎች የደም ሥር ውስጥ ሙጫው በግፊት ተይዟል፤ ቅጠሉ ሲነከስ፣ ግፊት ያለበት የውኃ ቱቦ ሲበሳ እንደሚሆነው፣ ለጥቂት ሰከንድ ይረጫል፤ አንዳንዴ እስከ 150 ሳንቲሜትር ይደርሳል። እነዚህን ዛፎች የምትበላ ብሌፋሪዳ የምትባል ጥንዚዛ አለች። እጯ ምን ታደርጋለች መሰላችሁ? መብላት አትጀምርም። መጀመሪያ የቅጠሉን ዋና የደም ሥር በመንጋጋዋ ቀስ እያለች ታኝካለች፤ ግፊቱ እስኪወርድ ድረስ። ይህ ሥራ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ሊወስድባት ይችላል። ከዚያ ቅጠሉን ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ በልታ ትጨርሳለች። ሰዓት ተኩል ዝግጅት፣ ሃያ ደቂቃ ምግብ! ቸኩላ የነከሰች እጭ በሙጫ ትጥለቀለቃለች፣ ትሞታለች። ተክሉ አልገደላትም እንኳ ብንል ጊዜዋን በልቶባታል፤ ቀስ ብላ የምታድግ እጭ ደግሞ ለጠላት የተጋለጠች ናት።

እነዚህን ዛፎችና ጥንዚዛዎች ለዓመታት ያጠናችው ጁዲት ቤሴራ የዛፎቹን የዘር ሐረግና የኬሚካል ይዘታቸውን ለየብቻ አወዳድራ፣ ጥንዚዛዎቹ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሻገሩ የተከተሉት የትኛውን እንደሆነ ጠየቀች። በ1997 ያወጣችው መልስ፦ ኬሚካሉን። ሁለት ዛፎች በዘር ቢራራቁም ውስጣቸው ያለው ኬሚካል ከተቀራረበ ጥንዚዛዋ ትሻገራለች። በዘር ቢቀራረቡም ኬሚካላቸው ከተራራቀ አትሻገርም። ይህን አደራ ልብ በሉልኝ፤ ጥንዚዛ የተክል ቤተ ዘመድ አትቆጥርም። የምታውቀው ሽታና ጣዕም ነው። ዘመዳሞች ተክሎች ብዙ ጊዜ ኬሚካላቸው ስለሚመሳሰል ነው በዘር የምትመርጥ የሚመስለን።

በነገራችን ላይ የዚሁ ወገን የሆኑ ጥንዚዛዎች በደቡባዊ አፍሪካ በከርቤ ዘመዶች ላይ ይኖራሉ። በዚያ የሚኖሩት የሳን ሕዝብ አዳኞች እጮቻቸውን ከአፈር ቆፍረው አውጥተው የቀስታቸውን መርዝ ያዘጋጁባቸዋል።

ሌላም ምሳሌ አለ። የድንች ጥንዚዛ የምትባለው የአሜሪካ ጥንዚዛ ድንችን ከጥንት አታውቀውም ነበር፤ ድንች የአንዲስ ተራሮች ተክል ነው። እሷ በሜክሲኮና በአሜሪካ መሐል አገር በእሾሃማ የድንች ዘመድ ላይ ትኖር ነበር። ሰፋሪዎች ድንች ይዘው ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ተገናኙ፤ በ1859 ነብራስካ ውስጥ ማሳ ማውደም ጀመረች። አብሮ መለወጥ እዚህ ጋ የት አለ? ተክሉ እዚያ፣ ጥንዚዛዋ እዚህ ሆነው ኖሩ፤ የተገናኙ ዕለት ግን ምግቧ ሆነ፤ ውስጡ ያለው ነገር ለእሷ አዲስ አልነበረምና።

ሦስተኛው ነጥብ የኛን ቡና የሚመለከት ስለሆነ ጊዜ እወስድበታለሁ።

የተክል ችግሩ መርዙ ብቻ አይደለም። የተክል ሕዋስ ግድግዳ ለመፍጨት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ አብዛኛው እንስሳ የሚያፈርሰው ኢንዛይም የለውም። ጥንዚዛዎች ከየት አገኙት? በ2019 ዱዌን ማክኬናና ባልደረቦቹ የ146 ዝርያዎችን ከ4,800 በላይ ጂኖች መርምረው መልሱን አጠናከሩት፦ ከባክቴሪያና ከፈንገስ። ጂኑ ራሱ ከባክቴሪያ ወጥቶ ጥንዚዛዋ ዘር ውስጥ ገብቶ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ ሆነ። ያንን ያገኙ ወገኖች ናቸው በተክል ላይ እጅግ የበዙት።

የቡና ፍሬ ቆርቁርን ውሰዱ። ሴቷ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ናት፤ የእንጀራ ዓይን ታህላለች ብል አላጋነንሁም። ከዘንጉ በተቃራኒ ባለው የፍሬው ጫፍ ቀዳዳ ትሠራለች፣ ፍሬው ውስጥ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች። ልጆቿ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ጥቂቶቹ ወንዶች መብረር አይችሉም፤ እዚያው ውስጥ እህቶቻቸውን አስረግዘው እዚያው ይሞታሉ። ሴቶቹ አርግዘው ይወጣሉ። ስለዚህ አንዲት ሴት ብቻ አንድ ማሳ ለመውረር በቂ ናት።

የቡና ፍሬ ግን ሁለት መከላከያ አለው። አንዱ ካፌይን ነው፤ ለነፍሳት መርዝ ነው። ሌላው ምግቡን ያስቀመጠበት ጋላክቶማናን የሚባል ጠንካራ ስኳራማ ንጥረ ነገር ነው። ቆርቁሯ ሁለቱንም በራሷ አልፈታችም! ጋላክቶማናንን የሚቆርጠው ኢንዛይሟ ከባክቴሪያ የመጣ ጂን ውጤት መሆኑን በ2012 የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ ቡና የማትበላው የቅርብ ዘመዷ ይህ ጂን የላትም። ካፌይኑን ደግሞ የሚያፈርሱላት አንጀቷ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። በ2015 ተመራማሪዎች ባክቴሪያዎቹን በአንቲባዮቲክ ሲያጠፉባት ካፌይኑ ሳይፈርስ ከኩሷ ጋር ወጣ፤ ከባክቴሪያዎቹ አንዱን መልሰው ሲሰጧት ማፍረሱ ተመለሰ።

ታዲያ ቡና የኛ፣ ቆርቁሯም አፍሪካዊት ከሆነች፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ ለብዙ ዘመን እንዴት ጎልታ አልታየችም? አንዱ ምክንያት ብርድ ነው። ቆርቁሯ ለማደግ ቢያንስ ወደ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠጋ ሙቀት ያስፈልጋታል። በ2009 የወጣ ስሌት እንደሚያሳየው በጅማ አካባቢ እስከ 1984 ድረስ በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ ለመጨረስ ሙቀቱ አይበቃትም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ትውልድ መጨረስ ትችላለች። ቡና አምራቾች፣ ይህ እናንተን ይመለከታል። ከለቀማ በኋላ ዛፍ ላይ የደረቀና መሬት የወደቀ ፍሬ የሚቀጥለው ዓመት ቆርቁር መጠለያ ነው። እሸቱን ለቅማችሁ ጀንፈሉን ዛፍ ላይ አትተዉ፤ የወደቀውንም አንሱ። ጠንካራው ፍሬ ውስጥ ከገባች በኋላ የሚረጭ መድኃኒት አይደርስባትም፤ ማግኘት የሚቻለው ገና በቀዳዳው አፍ ላይ ሳለች ነው።

አንድ ሌላ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም፣ በጣም ስለሚያስደንቀኝ። ኤሊ የምትመስል፣ አሜኬላ የምትበላ አንዲት ትንሽ ቅጠል በል አለች። ፔክቲን የሚባለውን የተክል ማጣበቂያ የሚያፈርስላት አብሯት የሚኖር ባክቴሪያ ነው። እናቲቱ እንቁላል በጣለች ቁጥር በእያንዳንዱ እንቁላል ጫፍ ላይ ባክቴሪያው ያለበት ትንሽ ጠብታ ታስቀምጣለች። እጯ ከመፈልፈሏ በፊት ያንን ትበላለች። ጠብታው ከተነሳባት፣ ቅጠል እየበላች አብዛኛውን ጊዜ ትሞታለች። ሆዷ ይሞላል፣ አካሏ ግን አይጠቀምም።

አሁን ወደ ጎተራ። ይህ ብርጭቆ ሽምብራ ነው፤ ከማጉያ መነጽሩ ጋር እየተቀባበላችሁ እዩት። ፍሬው ቆዳ ላይ የተለጠፉ ሞላላ ነጥቦች ታያላችሁ፤ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ናቸው። አንዳንዶቹ ውኃ የመሰሉ፣ አንዳንዶቹ ነጭ ናቸው። ውኃ የመሰሉት ገና ያልተፈለፈሉ የነቀዝ እንቁላሎች ናቸው። ነጮቹ ተፈልፍለዋል። እጯ ወደ ውጭ አልወጣችም፤ በእንቁላሉ ሥር በኩል በቀጥታ ቆዳውን በስታ ወደ ፍሬው ገባች፣ የቆፈረችውን ዱቄትም ባዶው ቅርፊት ውስጥ ጠቀጠቀችው። ለዚህ ነው የነጣው። ነጭ ካያችሁ ፍሬው ተይዟል፤ ውጪው ጤነኛ ቢመስልም ውስጡ እየተበላ ነው። ከዚያ በ30 ዲግሪ ገደማ ከእንቁላል እስከ ጉልምስ አንድ ወር እንኳ አይሞላባትም። ስትጎለምስ ምግብ አያስፈልጋትም፤ ሁለት ሳምንት እንኳ ላትኖር ትችላለች፤ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ በአሥሮች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች።

እኛ ሁሉንም ነቀዝ እንላቸዋለን። ግን የበቆሎ ነቀዝና የሽምብራ ነቀዝ የተለያየ ወገን ናቸው። የበቆሎዋ ባለ አፍንጫ ናት፤ ፍሬውን በስታ እንቁላሏን ውስጥ ትጥልና ቀዳዳውን ትደፍነዋለች፤ ስለዚህ እንቁላል በዓይናችሁ አታዩም። የሽምብራዋ ግን ቅጠል በሎች ቤተሰብ ናት፤ ጥራጥሬ ላይ የተካነች። ከጥራጥሬም ደግሞ ሁሉን አትችልም። ቦሎቄ የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ የራሱን ሁለት ነቀዞችም ይዞ መጥቷል። አንዷ እንቁላሏን ታጣብቃለች፣ ሌላዋ ሳታጣብቅ በፍሬዎቹ መሐል ትበትናለች። የእስያዋ የሽምብራ ነቀዝ ቦሎቄ ላይ እንቁላል ብትጥልም እጮቿ ይሞታሉ፤ ቦሎቄ ውስጥ ስታርች የሚፈጨውን ኢንዛይሟን የሚያግድ ፕሮቲን አለ። የአሜሪካዎቹ ግን ከቦሎቄ ጋር ኖረዋልና አያግዳቸውም።

ማመን የለባችሁም፤ ሞክሩት። መምህራን፣ ይህ ለክፍል የሚሆን ሙከራ ነው። 100 ሽምብራና 100 ቦሎቄ ለየብቻ በሁለት ንጹሕ ማሰሮ አድርጉ። ቀድሞ የገባ እንቁላል እንዳይኖር ሁለቱንም ለአንድ ሳምንት በረዶ ማድረጊያ ውስጥ አቆዩ፤ ከዚያ አውጥታችሁ ጤዛው እስኪደርቅ አስጡት። ከተነቀዘ ሽምብራ የወጡ አሥር አሥር ነቀዞች አስገቡ፤ አፉን በስስ ጨርቅና በላስቲክ እሰሩ። ክዳን ብትገጥሙበት አየር አጥተው ይሞቱባችኋል። በአሥረኛው ቀን ጉልምሶቹን አውጥታችሁ እንቁላሉን ቁጠሩ። በአርባኛው ቀን የወጡትን ቁጠሩ፤ ከዚያ በላይ ብትቆዩ ሁለተኛው ትውልድ ይቀላቀልባችኋል። ሽምብራውም ላይ ምንም ካልወጣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ፍሬው መድኃኒት የነካው መሆኑ ነው፤ ለዘር የታሸገ እህል አትጠቀሙ። ቦሎቄው ላይ ነቀዝ በብዛት ከወጣም የያዛችሁት ዝርያ ሌላ ነው ማለት ነው።

በመጨረሻ ወደ አረሙ ልምጣ። ጥንዚዛ ኬሚካል ተከትላ ከጥቂት ተክል ጋር የምትጣበቅ መሆኗ ለኛ ትልቅ ዕድል ነው። እምቦጭን የሚበሉ ሁለት የደቡብ አሜሪካ ባለ አፍንጫ ጥንዚዛዎች አሉ፤ በቪክቶሪያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ተለቀዋል፣ ወደ ሀገራችንም ለምርምር ገብተዋል። ጉልምሶቹ ቅጠሉን ይፍቃሉ፣ እጮቹ ዘንጉን እየሰረሰሩ ወደ እምብርቱ ይወርዳሉ፣ ሙሽሬያቸውን፣ ማለትም ከእጭ ወደ ጉልምስ የሚለወጡበትን ልባስ፣ ውኃ ውስጥ ሥሩ ላይ ይሠራሉ። ውጤቱ የሚለካው በዓመታት ነው። ጥንዚዛ የተለቀቀበትን እምቦጭ በሙሉ ነቅሎ ማውጣት ጥንዚዛዋንም አብሮ ማውጣት ነው፤ አንድ ጥግ ሳይነካ መተው አለበት።

ወደ ፓርቴኒየም፣ ገበሬው ቅንጨ አረም ወደሚለው ስንመጣ ዚጎግራማ የምትባል የሜክሲኮ ቅጠል በል አለች። ከመለቀቋ በፊት የቀረበው ትልቁ ጥያቄ ኑግ ነበር። ኑግ የኛ ሰብል ነው፣ ደግሞም ከፓርቴኒየም ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ለዚህ ነው አምቦ በሚገኘው ዝግ ማቆያ ከተፈተኑት ሰብሎች መካከል ልዩ ትኩረት የተሰጠው። ስጋቱ መሠረት ነበረው፤ ሕንድ ውስጥ ይህችው ጥንዚዛ በ1980ዎቹ ከተለቀቀች በኋላ የፈረንጅ ሱፍ ቅጠል ስትበላ ታይታ ነበር። ሲጣራ ምክንያቱ ተገኘ፤ የፓርቴኒየም ብናኝ ከጎን ማሳ ነፍሶ የሱፉ ቅጠል ላይ አርፏል። እሷ የፓርቴኒየምን ኬሚካል ቀምሳ ነው የነከሰችው። በሱፉ ላይ ትውልዷን መቀጠል ግን አልቻለችም።

ስለዚህ ዚጎግራማ በተለቀቀበት አካባቢ የምትሠሩ የልማት ሠራተኞች፣ የተነከሰ የኑግ ቅጠል ቢያሳዩአችሁ ለመርጨት አትቸኩሉ። በመጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እንቁላልና እጭ ፈልጉ። ጉልምስ ብቻ ካለ፣ ዙሪያውን ተመልከቱ፤ አበባ የያዘ ፓርቴኒየም በቅርብ አለ? በቅርቡ የታረመ ወይም የደረቀ አለ? ካለ፣ የፓርቴኒየሙን ቦታና የተነከሰውን ኑግ ስፋት መዝግቡ፤ ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሳችሁ እዩ። ኑጉ ላይ እጭ ካገኛችሁ ግን ናሙናውን ከነቅጠሉ በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ በዚያው ቀን ለምርምር ማዕከል አድርሱ። ፕላስቲክ አትጠቀሙ፤ ላብ ይይዝና እጩ ይበሰብሳል።

ብርጭቆው ኋላ ላሉት ይድረስ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።